የሶፍትዌር ወኪልን በኤፍፒጂኤ ቺፕ ላይ እንዴት ማስኬድ ይቻላል?

የሶፍትዌር ወኪል አካባቢውን የሚያነብ፣ ባነበበው ላይ ተመሥርቶ የሚወስንና ውሳኔውን ራሱ የሚፈጽም ፕሮግራም ነው። በፕሮሰሰር ላይ ሲሆን ትእዛዞቹ በተራ ይፈጸማሉ። ኤፍፒጂኤ ግን የውስጥ ሎጂኩና ሽቦው እንደ ፍላጎት የሚዋቀር ቺፕ ስለሆነ ወኪሉ ራሱ ሰርኪዩት ይሆናል። ዚሊንክስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ያወጣው የመጀመሪያው ኤፍፒጂኤ 64 የሎጂክ ብሎኮች ብቻ ነበሩት። ዛሬ ከትንንሾቹ የሚመደበው የላቲስ አይስ40 ኤችኤክስ1ኬ 1,280 የሎጂክ ሴሎች አሉት፤ ለጀማሪ ይበቃል።

የውኃ ታንከር የሚጠብቅ ወኪል እንሥራ። ከታችና ከላይ አንዳንድ ተንሳፋፊ ስዊች አለ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትተው ወረቀት ያንሱ። ሁለት ስዊቾች አራት ዓይነት ንባብ ይሰጣሉ፤ ለአራቱም መልስ ይጻፉ። ሁለቱም ደረቅ ከሆኑ ፓምፑ ይነሣ፤ ሁለቱም ውኃ ከነካቸው ይቁም፤ የታችኛው ብቻ ከነካው የነበረው ይቀጥል። የላይኛው ርሶ የታችኛው ደረቅ ከሆነስ? ይህ ሊሆን ስለማይችል አንዱ ስዊች ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ፓምፑ ይቁም፣ ቀይ መብራት ይብራ። ብዙ ሰው ይህን አራተኛውን ይዘለዋል። ሰርኪዩቱ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በቬሪሎግ፣ ግን መልስ ያልተሰጠው ሁኔታ ያልታሰበ የማስታወሻ ሰርኪዩት ይፈጥራል፤ ወኪሉም ሳይታዘዝ የድሮውን ውሳኔ ይዞ ይቀራል።

ቀጥሎ ይህን ወደ ሦስት ሁኔታዎች ይለውጡ፦ ዕረፍት፣ መሙላት፣ ብልሽት። ሁለት ቢት ይበቃቸዋል። ትርፉ አራተኛ ኮድም ወደ ብልሽት ይምራ።

ከስዊቹ የሚመጣው ምልክት ከቺፑ ክሎክ (ሥራውን በእኩል ምት ከሚመራው ምልክት) ጋር አይናበብም፤ ስለዚህ ወደ ውሳኔው ከመድረሱ በፊት በሁለት ተከታታይ ፍሊፕ ፍሎፕ (በክሎኩ ምት አንድ ቢት በሚይዝ ሰርኪዩት) ያሳልፉት። ውኃው ሲናወጥም ስዊቹ ይዋልላል። ንባቡ 5 ሰከንድ ሳይለወጥ ከቆየ ብቻ ይመኑት። በ12 ሜጋኸርዝ ክሎክ ይህ 60 ሚሊዮን ምት ስለሆነ 26 ቢት ቆጣሪ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በቬሪሎግ ይጻፉ፤ ኮዱንም ሰርኪዩቱን በኮምፒውተር አስመስሎ በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ በአይካረስ ቬሪሎግ፣ ይፈትኑ፤ ለሙከራው ቆጣሪውን ያሳጥሩት፣ አለበለዚያ ሲሙሌሽኑ አያልቅም። ከዚያ ዮሲስ የተባለው ፕሮግራም ኮዱን ወደ ሎጂክ ይለውጣል፣ ኔክስትፒኤንአር የተባለው ደግሞ በቺፑ ላይ ቦታ ያስይዘዋል። የሚያሳየው ከፍተኛ ፍጥነት ከ12 ሜጋኸርዝ ማነስ የለበትም። ውጤቱን በቦርዱ ፍላሽ ላይ ይጫኑ፤ ቺፑ ኃይል ሲቋረጥ ውቅሩን ይረሳልና ሲነሣ ከዚያ ያነባል። ፓምፑን በሪሌይ (በትንሽ ምልክት በሚታዘዝ የኃይል ማብሪያ ማጥፊያ) እንጂ ከቺፑ እግር ጋር በቀጥታ አያገናኙ።

ታንከሮቹ ብዙ ከሆኑ ያንኑ ሰርኪዩት ያባዙ፤ ወኪሎቹ ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ምት አብረው ይወስናሉ። የኤሌክትሪክ መስመሩ አንድ ፓምፕ ብቻ የሚችል ከሆነ ግን ፈቃድ በዙር የሚያድል ትንሽ ዳኛ ሰርኪዩት ከመካከላቸው ያስገቡ። ረጅም ዕቅድ ወይም የቋንቋ ሥራ የሚጠይቅ ወኪል በዚህ መንገድ አይመችም፤ ለእሱ እንደ ዚንክ (Zynq) ያሉ ፕሮሰሰርና ኤፍፒጂኤን ያጣመሩ ቺፖች ይሻላሉ።