ከጊልበርት ሲንድሮም ጋር ሲኖሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጊልበርት ሲንድሮም አልፎ አልፎ የዓይንን ነጩን ክፍል ቢጫ የሚያደርግ፣ በዘር የሚተላለፍ የጉበት ሁኔታ ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚገኘውን ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ለማስወገድ ጉበት የሚጠቀምበት ኢንዛይም፣ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የሚሠራው በመደበኛ አቅሙ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ጉበቱ ግን አይጎዳም፤ ሁኔታው ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

የመጀመሪያው ስህተት ቢጫነት በታየ ቁጥር «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ቅጠል በጣሽ መሮጥ ነው። አንዳንድ ዕፅዋት ጤነኛውን ጉበት ሊመርዙት ይችላሉ፤ መድኃኒት የማያሻው ሰው በመድኃኒቱ ይታመማል ማለት ነው። ቢጫነቱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ስለሚለቅ ምስጋናውን የጠጡት ሥር ይወስደዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያው ሥር ይፈለጋል።

ሁለተኛው ስህተት ጾምን ይመለከታል። ብዙዎች ለጉበታቸው ሲሉ ሥጋና ቅቤ ይተዋሉ፤ ቢሊሩቢንን ከፍ የሚያደርገው ግን በተለይ ለረጅም ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ መቆየት ነው። በሑዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይም ሆነ በረመዳን እስከ መግሪብ የሚጾም ሰው ዓይኑ ቢጫ ቢሆን ሊደነግጥ አይገባም፤ በተፈቀደው ሰዓት በቂ ውሃ መጠጣትና እንቅልፍ አለማጓደል ግን ይረዳዋል። ትኩሳትና ከባድ የጉልበት ሥራም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው።

ሁኔታውን ለሐኪም አለመንገርም ስህተት ነው። አይሪኖቲካን የተባለው የካንሰር መድኃኒት በእነዚህ ሰዎች ላይ ጉዳቱ ሊበረታ ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነው አታዛናቪር ደግሞ ቢጫነቱን ሊያጎላው ስለሚችል፣ ይህን ያየ ታካሚ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።

በተቃራኒው ደግሞ ስሙን ካወቁ በኋላ ማንኛውንም ቢጫነት በእርሱ ማመካኘት አለ፤ እኔ ይህን ከመደናገጥ የባሰ አደገኛ አድርጌ አየዋለሁ። በጊልበርት የሚጨምረው የቢሊሩቢን ዓይነት ወደ ሽንት አይገባም፤ ስለዚህ ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ሰውነት ካሳከከ ወይም ከቢጫነቱ ጋር ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ካለ፣ ወባ፣ ሄፓታይተስ ወይም የሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መመርመር ያስፈልጋል።