ድምፅ ሲዘጋ ሁሉ «ብርድ» አይደለም

ደብረ ብርሃን ላይ ድምፁ ለተዘጋ ሰው ምክንያቱ ቶሎ ይገኝለታል፤ «ብርድ መታህ» ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ እየመታው ለሚያድር ሰው ግምቱ አይገርምም። ግን ቆላው ሸዋ ሮቢትም ድምፅ ይዘጋል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ጉንፋን ነው። ድምፅ የሚወጣው ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት ስስ የድምፅ አውታሮች ከሳንባ በሚመጣ አየር ሲርገበገቡ ነው። በወንድ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ሲያብጡ ደህና አድርገው አይገጥሙም፤ ድምፅ ይሻክራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ከጉንፋን የመጣ ከሆነ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሳይመለስ ሲቀርም «ብርድ ነው» እየተባለ ወራት ማለፋቸው ነው። ድምፅ ሲዘጋ የሚሠሩትን የተለመዱ ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

ቀን አለመቁጠር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። «አጨዳው ይለፍ»፣ «ፈተናው ይለቅ»፣ «ከበዓሉ በኋላ» እየተባለ ይከርማል። ሦስት ሳምንት ሞልቶት ካልተሻለዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አራት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ማንቁርትዎ በመሣሪያ መታየት አለበት። ሲጋራ የሚያጨስ፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ዕድሜው ከ45 በላይ የሆነ ሰው ጭራሽ መዘግየት የለበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በድምፅ አውታር ላይ የሚነሳ ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ ድምፅን ያበላሻል። ያኔ ከተደረሰበት የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በጊዜ የተሰጠንን ምልክት በዝንጅብል ሻይ እያባበልን ማሳለፍ የለብንም።

እንጥል ማስቆረጥ

ስለዚህ ጉዳይ ረዘም አድርጌ ልናገር። ጉሮሮው የታመመ ሰው፣ በተለይ ሕፃን ልጅ፣ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ የአገር ቆራጭ ዘንድ ይወሰዳል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ለልጁ ብሎ ነው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን እንጥል የሚንጠለጠለው ከአፍ ጣሪያ ጫፍ ላይ ነው። ድምፅ የሚሠራው ከዚያ በታች አንገት ውስጥ፣ ወንዶች ላይ ጎልቶ የሚታየው ጉብታ ያለበት ቦታ ነው። እንጥል ቢቆረጥ የሻከረ ድምፅ አይድንም። የሚተርፈው አደጋው ነው፦ የማይቆም ደም፣ የቁስል መመረዝ፣ ቴታነስ፣ ምላጩ ለብዙ ሰው ካገለገለ ደግሞ ኤች አይ ቪ። እባካችሁ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መንገዱ ከራቀ መጀመሪያ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ።

በሹክሹክታ ማውራት

ድምፅን ያሳርፋል ተብሎ ይታመናል። ብዙ ሰው ግን ሲያንሾካሹክ ማንቁርቱን ጨምድዶ ነው፤ ይባስ ያደክመዋል። ማሳረፍ ማለት ዝም ማለት ነው። ካልሆነ ቀስ ባለ፣ ባልተገፋ ድምፅ ማውራት። ጉሮሮን አሁንም አሁንም «እህም» እያሉ መጥረግም አውታሮቹን ያጋጫቸዋል። በምትኩ ውሃ ጎንጨት ይበሉ።

ይህ ከሁሉ በላይ በድምፃቸው ለሚያድሩ ሰዎች ነው። ማኅሌት ቆመው ለሚያድሩ መሪጌቶች፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ለሚያስተምሩ መምህራን፣ መናኸሪያ ውስጥ ሲጣሩ ለሚውሉ ረዳቶች። የተዘጋ ድምፅን አስገድደው ሲጠቀሙበት አውታሮቹ ላይ ትንንሽ እባጮች ይወጣሉ። መምህር ከሆኑ ያን ሰሞን ሰሌዳው ላይ በዛ አድርገው ይጻፉ፣ ጎበዝ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብብ።

አሞክሳሲሊንና አረቄ

አብዛኛው የድምፅ መዘጋት የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ሐኪም ሳያዝ አይግዙ። አረቄው በማር ቢሆንም ጉሮሮን ያደርቃል። ማርና ለብ ያለ ውሃ ግን ያለሰልሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ ማር አይሰጥም።

የማእድ ቤቱን ጭስ መርሳት

መንዝ ላይ ማገዶው ኩበት ነው። እንጀራ ሲጋገር ጭሱ ጣሪያው ሥር ይጋረዳል፣ እናት ዓይኗን እያበሰች ምጣዱ ላይ ጎንበስ ትላለች። የእሷ ድምፅ ለዓመታት ሻክሮ ሲኖር «ድምፅዋ እንዲህ ነው» ይባላል። ጭስ አውታሮቹን በየቀኑ ያስቆጣል። በደንብ የደረቀ ኩበት ይጠቀሙ፣ የጭስ መውጫ ይክፈቱ፣ ከተቻለ ምድጃውን ከመኝታ ይለዩ። ጠዋት ጠዋት የሚብስ መሻከር ደግሞ ከጨጓራ ወደ ላይ በሚመለስ አሲድ ሊሆን ስለሚችል እራት በልቶ ወዲያው መተኛት ይቅር።

ድምፅን ብቻ ማየት

አብሮት የመጣውን ነገር ልብ ይበሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። አንገት ላይ እብጠት ወይም እንቅርት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ የተለወጠ ድምፅ፣ እነዚህ ሦስት ሳምንት አይጠበቁም።

ትንፋሽ ካጠረ፣ አየር ሲሳብ ድምፅ ካሰማ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ነው። ቆሎ ወይም ባቄላ ሲበላ የነበረ ልጅ ድንገት ትን ብሎት ድምፁ ከተለወጠም እንዲሁ። ሳሉ ቢቆምም ፍሬው አየር ቧንቧው ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ምርመራውን ፈርቶ መቅረት

«ጉሮሮዬን ይቀድዱኛል» ብለው የሚቀሩ አሉ። የአንገት በላይ ሐኪም የሚያየው በትንሽ መስታወት ወይም በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ነው። ይቆረቁራል እንጂ በደቂቃዎች ያልቃል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጻፍልዎት መቼ እንደጀመረዎት፣ የሚያጨሱ ከሆነ፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ያደረጉትን ቀዶ ሕክምና ይዘው ይሂዱ። በየሳምንቱ ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር እያነበቡ ድምፅዎን ስልክዎ ላይ ይቅዱ። ድምፅዎ እየተሻለው ይሁን እየባሰበት፣ ሐኪሙ በጆሮው ሰምቶ ያነጻጽረዋል።