ቀለሙ ሲፈስ፣ መስመሩ ሲንቀጠቀጥ፦ የእርሳስና የቀለም ንድፍ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ንድፍ የሚለማመድ ሰው ሥራው ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚወቅሰው እጁን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የወረቀቱ፣ የቀለሙ ወይም የጠረጴዛው ሆኖ ይገኛል። እጁን የጠረጠረ ሰው ለሳምንታት መስመር ሲያሰምር ይከርማል፤ ወረቀቱን የጠረጠረ ግን በአንድ ደቂቃ ፈትኖ ያውቀዋል። ስለዚህ ችግር ሲገጥምዎ በመጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ቀለሙን፣ ከዚያ ብዕሩን፣ ከዚያ አቀማመጥዎን፣ በመጨረሻ እጅዎን ይመርምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ወረቀቱንም ብዕሩንም አብረው ከቀየሩ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የቱ እንደነበረ ሳያውቁ ይቀራሉ።

መስመሩ ዳር ዳሩን ፀጉር ያወጣል

የመስመሩ ጠርዝ ጥርት ከማለት ይልቅ ቀጫጭን ጭራ ያበቅላል፤ አንዳንዴም ቀለሙ ዘልቆ በገጹ ጀርባ ይታያል። ወረቀት ሲሠራ ውሃ ቶሎ እንዳይመጥ እንደ ስታርች ወይም ጄላቲን ያለ ማጠንከሪያ ይገባበታል። ማጠንከሪያው ካነሰ የወረቀቱ ክሮች ቀለሙን ልክ የፋኖስ ክር ጋዝ እንደሚስበው ወደ ጎን ይስቡታል።

ፈተናው ቀላል ነው። በገጹ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያኑሩና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ወረቀቱ ቀለም ይችላል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጠልቆ ቦታው ከጠቆረ ለእርሳስ ያውሉት። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው የኮፒ ወረቀት ለፈጣን ንድፍና ለፋይንላይነር (ቀለሙ በውስጡ ያለ፣ ጫፉ ቀጭን ብዕር) ይበቃል፤ ለሚነከር ብዕር (የብረት ጫፉ ጠርሙስ ውስጥ እየተነከረ ለሚሠራው) ግን ከ160 ግራም ጀምሮ ገጹ ለስላሳ የሆነ ወረቀት ይፈልጉ። ግራሙ ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ ውፍረቱን አምነው ጠብታውን እንዳይዘሉት።

ቀለሙ የሚፈሰው በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ያ ቦታ በላጲስ ተፈግፍጓል ማለት ነው። ላጲስ የላይኛውን ማጠንከሪያ ይልጥና ክሮቹን ያቆማቸዋል። ንጹህ ወረቀት ደርበው በማንኪያ ጀርባ ጠበቅ አድርገው ቢያሹት ክሮቹ ይተኛሉ፤ ቦታው እንደ ቀድሞው ባይሆንም ለቀጭን መስመር ይበቃል። ዋናው መከላከያ እርሳሱን ከመጀመሪያው ሳይጫኑ መያዝ ነው። ኤችቢ ወይም 2ኤች የሚል የተጻፈበት እርሳስ ሳይጫኑ ከሠሩበት ይበቃል። እንደ 4ኤች ያለ ደረቅ እርሳስ ሲጫኑት ወረቀቱ ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ በኋላ ቀለሙ ወደዚያ ቦይ እየገባ መስመሩን ያወፍረዋል፤ ቦዩን ደግሞ ላጲስ አያጠፋውም።

የሚነከረው ብዕር አይታዘዝም

ይህ አንድ ችግር ቢመስልም ውስጡ ብዙ ነው፤ ምልክቱን በደንብ መለየት ያስፈልጋል።

ጫፉ አዲስ ሆኖ ቀለሙ በላዩ ላይ እንደ ላብ እየተንጠባጠበ የሚንሸራተት፣ ከዚያም ዱብ ብሎ ገጹን የሚያበላሽ ከሆነ፣ ምክንያቱ ብረቱ እንዳይዝግ በፋብሪካ የተቀባው ዘይት ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትንሽ የጥርስ ሳሙና ይዘው ፊትና ጀርባውን ለግማሽ ደቂቃ ይሹት፤ አለቅልቀው በጨርቅ ያድርቁት። ሲነከር ቀለሙ ሳይቆራረጥ ብረቱን እንደ ስስ ልብስ ካለበሰው ዘይቱ ለቅቋል። ጫፉን በክብሪት እሳት የሚለበልቡም አሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ትንሽ ከዘገየ ብረቱ ይለሰልስና ሲጫኑት ተከፍቶ እንደ ሞላ መመለስ ያቅተዋል። ሳሙናው ይመረጣል።

ጥሩ ሲሠራ ቆይቶ መሀል ላይ ቀጥ ካለ በጫፉ ስንጥቅ ውስጥ ቀለም ደርቋል። በየአምስት ደቂቃው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ጠርገውም ካልወረደ ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ቆይቶ ቀለሙ ወፍሮ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ቀለም በትንሽ ስኒ ይቅዱና የተጣራ ውሃ አንድ ጠብታ ጨምረው ይሞክሩ፤ ካልበቃ ሌላ ይጨምሩ። ውሃውን በቀጥታ ጠርሙሱ ውስጥ አይጨምሩ፤ ከበዛ መመለሻ የለውም።

መስመሩ በድንገት ሁለት እጥፍ ከወፈረ የወረቀት ክር ስንጥቁ ውስጥ ገብቷል። ብዕሩን ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩት ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት የጫፉ ምላሶች መካከል ቀጭን ጭራ ይታያል። ስስ ወረቀት በስንጥቁ ውስጥ ቢያሳልፉ ይወጣል። በዚያው ምላሶቹ እኩል መሆናቸውንም ይመልከቱ። አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ ብዕሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ ወደ ሌላው ይቧጥጣል። እንዲህ የሆነውን ጫፍ ለማቃናት ከመልፋት መቀየር ይሻላል፤ ጫፍ አላቂ ዕቃ ነው።

በመስመሩ መነሻ ላይ ጠብታ የሚያርፈው ብዙ ሲነከር ነው። ቀለሙ ከጫፉ መሀል ካለው ቀዳዳ ትንሽ እስኪያልፍ ይንከሩ፣ ጀርባውን በጠርሙሱ አፍ ነካ ያድርጉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጭረቶች ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጣሉ። ቀለም የሚረጭብዎ ከሆነ ብዕሩን ወደፊት እየገፉት ነው። ይህ ብዕር ይጎተታል እንጂ አይገፋም፤ ጫና የሚቀበለውም ወደ እርስዎ ሲመጣ ብቻ ነው። የመስመሩ አቅጣጫ ሲለወጥ ወረቀቱን ያዙሩት።

ሥራው ሲያበቃ ጫፉን አጥበው ያድርቁ። ውሃ ውስጥ ቆሞ ያደረ ጫፍ ይዝጋል፤ የእንጨት እጀታውም ያብጣል።

ፋውንቴን ፔኑ ተዘጋ

ብዙውን ጊዜ የተሞላበት ኢንዲያ ኢንክ የሚባለው ጥቁር የንድፍ ቀለም ነው። በዚህ ቀለም ውስጥ ሼላክ የሚባል ሙጫ ስላለ አንዴ ከደረቀ ውሃ አይመልሰውም፤ የብዕሩን ጠባብ መተላለፊያ ይደፍናል። ኢንዲያ ኢንክ ለሚነከር ብዕርና ለብሩሽ ነው፤ ለፋውንቴን ፔን ተብሎ የተሠራ ቀለም ብቻ ይሙሉ። የተዘጋውን ፈትተው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው ያሳድሩት፣ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ እየቀያየሩ ይጠቡት። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ከሁለት ሦስት ሌሊት በኋላም ካልተከፈተ የመዳን ዕድሉ ትንሽ ነው።

ፋይንላይነሩ ሳያልቅ ደከመ

0.1 ወይም 0.05 የሚል ቁጥር ያለው ቀጭን ጫፍ በጫና ወደ ውስጥ ይገባል ወይም ይደፈጠጣል። በእርሳስ በጠገበ ቦታ ላይ ሲሄድም የእርሳሱ ዱቄት አፉን ይደፍነዋል። ከመቀለምዎ በፊት እርሳሱን እንደ ሊጥ በሚለወሰው ላጲስ ጠቅ ጠቅ አድርገው ያደብዝዙት፤ ብዕሩንም ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ በራሱ ክብደት ይሂድ።

ላጲስ ወይም ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይበላሻል

ሁለቱን አያምታቱ። ላጲስ ሲያልፍ ከተለቀለቀ ቀለሙ አልደረቀም። ቀጭን መስመር በደቂቃዎች ይደርቃል፤ ብዙ ቀለም የተኛበት ጥቁር ቦታ ግን ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ይስጡት። ከደረቀ በኋላም ላጲስ ጥቁሩን በመጠኑ ያገረጣዋል፤ ስለዚህ እርሳሱን አጥፍተው ሲጨርሱ የገረጡትን መስመሮች አንዴ ይድገሟቸው።

የውሃ ቀለም ሲደረብበት ከደማ ግን ቀለሙ ራሱ ውሃ የሚሟሟ ነው፤ ሳምንት ቢጠብቁትም ያው ነው። በዋናው ሥራ ላይ ከማወቅ፣ በሚሠሩበት ወረቀት ቁራጭ ላይ አምስት መስመር አስምረው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው፣ እርጥብ ብሩሽ ያሳልፉበት። ይህን ለእያንዳንዱ ብዕርዎ አንድ ጊዜ አድርገው ውጤቱን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ቢይዙት ብዙ ሥራ ይተርፋል።

ጥላው ጭቃ ሆነ

በጭረት የሚሠራ ጥላ ሲበላሽ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የቆሸሸ ግራጫ ይሆናል፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። እዚህ ላይ ጥፋቱ በአብዛኛው ዕቅድ ማጣት ነው። የጭረት ጥላ የሚኖረው በመስመሮቹ መካከል በሚቀረው ነጭ ነው፤ ያ ነጭ ከተደፈነ እንደገና አይገኝም። እርሳስ ይጠፋል፣ ቀለም አይጠፋም።

ከሥራው በፊት በቁራጭ ወረቀት ላይ እያንዳንዳቸው 2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ሳጥኖች ይሥሩ። የመጀመሪያውን ባዶ ይተዉት። በሁለተኛው በ2 ሚሊ ሜትር ርቀት፣ በሦስተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ርቀት ጭረት ይጣሉ። በአራተኛው እንደ ሦስተኛው አድርገው በላዩ አንድ ድርብ፣ በአምስተኛው ሁለት ድርብ ይጨምሩ። ይህን ቁራጭ ከሥራው አጠገብ ያኑሩት፤ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው የሚስሉትን ነገር ሲያዩ እያንዳንዱ ቦታ የስንተኛው ሳጥን እንደሆነ ይወስኑ። በጣም ጥቁሩን ቦታ ቀድመው ቢያስቀምጡ ሌላው በእሱ ይለካል።

ድርቡን ሲጥሉ ሁለቱ ጭረቶች በ90 ዲግሪ ከተሻገሩ ዓይን ጥላውን ትቶ ወንፊቱን ያያል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ያዘንብሉት። የታችኛው ሳይደርቅ ከደረቡም ብዕሩ እርጥቡን ቀለም ይጎትተዋል፣ ወረቀቱንም ይቧጥጠዋል።

በተጠጋጉ ጭረቶች መሀል ጥቁር ስፌት ከታየ፣ ቦታውን በክፍል በክፍል ሲሞሉ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር በአንድ መስመር ላይ ተደራርቧል ማለት ነው። የክፍሉን ጠርዝ አያስተካክሉት፤ አንዱ ጭረት ረዘም፣ አንዱ አጠር ይበል፣ ቀጣዩ ክፍል በመካከላቸው ይግባ። የጭረቱ መጨረሻ እንደ መንጠቆ ከታጠፈ ደግሞ እጁ ለሚቀጥለው ለመመለስ ቸኩሏል፤ ብዕሩን ከወረቀቱ ካነሱ በኋላ ይመለሱ።

መስመሩ ይንቀጠቀጣል

ረጅም መስመር በጣት ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ጣት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ አይደርስምና መሀል ላይ ቆሞ እንደገና ይነሳል። ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠውን ከክርንና ከትከሻ ያውጡት። ሁለት ነጥብ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያስቀምጡ፣ ብዕሩን ሳያስነኩ በአየር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መንገዱን ይሂዱበት፣ ዓይንዎን መድረሻው ነጥብ ላይ ተክለው ሳያቅማሙ አንድ ጊዜ ይሳቡ። በየቀኑ ከሥራ በፊት ሃያ እንዲህ ያሉ መስመሮች ይበቃሉ። ነጥቡን ቢስቱም መስመሩ ቀጥ ካለ ይቀበሉት፤ መድረሻው በኋላ ይስተካከላል። በሳተው ላይ ደጋግሞ መደረብ ግን መስመሩን ጎፈሬ ያደርገዋል።

እጅ ከደከመ ወይም አውራ ጣት ካመመ ብዕሩን አንቀው ይዘውታል። በየ20 ደቂቃው ያስቀምጡት፣ እጀታው ቀጭን ከሆነም ጨርቅ ጠቅልለው ያወፍሩት።

ቁጭ ብለው ያማረው ሲቆሙ ይጣመማል

ሲሠሩት ልክ የነበረ ፊት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግንባሩ ይረዝማል። ጠረጴዛ ላይ በተኛ ወረቀት የላይኛው ክፍል ከዓይን ስለሚርቅ አጥሮ ይታያል፤ እጅም ሳያውቀው ያስረዝመዋል። ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ አድርገው፣ ከሰሌዳው ሥር መጽሐፍ ደርድረው ለእርሳስ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያንሱት። ለሚነከር ብዕር ግን ከ20 ዲግሪ አያሳልፉት፤ ሰሌዳው ቀጥ ባለ መጠን ቀለሙ ወደ ጫፉ መውረዱን ይቀንሳል። በየመሀሉ ተነስተው ከሁለት ሜትር ይዩት ወይም በመስታወት ይመልከቱት፤ ዓይን የለመደው ስህተት ሲገለበጥ ይጋለጣል።

ልኬቱ ገና ከመጀመሪያው ከተሳሳተ እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ይዘው፣ ክርንዎን ሳያጥፉ፣ አንድ ዓይን ጨፍነው ይለኩ። ክርን በታጠፈ ቁጥር ልኬቱ ይለወጣል።

ደብተሩ ከአምስት ገጽ በኋላ ቀረ

ገጹ ውድ ሲመስል እጅ ይፈራል። ርካሽ ወረቀት ይያዙ፣ ሰዓት ይሙሉ፦ አምስት ደቂቃ ለመስመር፣ አሥር ደቂቃ ለአሥር የአንድ ደቂቃ ንድፎች፣ አምስት ደቂቃ ለአንድ ነገር። በዚህ ጊዜ ላጲስ አይነካም፤ ቀኑ በገጹ ጥግ ይጻፋል። ንድፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆኑ ከመጡ ዓይን ወረቀቱን ብቻ እያየ ነው፤ ለሁለት ደቂቃ ወረቀቱን ጨርሶ ሳያዩ የአንድን ነገር ጠርዝ ይከተሉ።

የሳተ ቀለም

ትንሹን ነጠብጣብ እንደ ክሬም በወፈረ ነጭ ጉዋሽ (ሥሩን የሚሸፍን የውሃ ቀለም) ይሸፍኑት፤ ጉዋሽ በውሃ መልሶ ስለሚሟሟ በላዩ የሚያልፈው ብዕር ቀላልና ፈጣን ይሁን። ወረቀቱ ከ200 ግራም በላይ ከሆነ መፋቅም ይቻላል። ቀለሙ አድሮ ይድረቅ፤ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ጋር ሊተኛ እስኪል አዘንብለው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ እየነኩ ያንሱት። ብናኙን እፍ ብለው ንጹህ ወረቀት ይደርቡና በማንኪያ ጀርባ ያሹት። ማጠንከሪያው አብሮ ተፍቋልና ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ ላይ የሚያልፈው ፋይንላይነር እንጂ የሚነከር ብዕር አይሁን።