ዶስ አልነሳ ሲል፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

አሮጌ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ፎርማት ነው፤ ዲስኩን ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ወደ ማዘጋጀት። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ኤምኤስ ዶስ (የድሮ ፒሲዎች የሚሠሩበት የማይክሮሶፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የሚነሳው ተራ በተራ ነው፤ የቱ ጋ እንደቆመ ስክሪኑ ራሱ ይናገራል። ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስነሻ ፕሮግራም) ዕቃውን ይፈትሽና የሃርድ ዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር (ትንሽ ቁራጭ) ያነባል። 512 ባይት ብቻ ናት። የፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍሎች) ሰንጠረዥ እዚያ አለ፤ አክቲቭ የሆነው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚነሳበት ክፍል የትኛው እንደሆነ ያሳያል። ቀጥሎ የዚያ ክፍል ቡት ሴክተር፣ ከዚያ አይኦ ዶት ሲስና ኤምኤስዶስ ዶት ሲስ የሚባሉት የሲስተም ፋይሎች፣ በመጨረሻ ትእዛዝ ተቀባዩ ኮማንድ ዶት ኮም ይነሳሉ።

«ኖን ሲስተም ዲስክ ኦር ዲስክ ኤረር» የሚል ጽሑፍ ከመጣ መጀመሪያ የፍሎፒው (የተነቃዩ ትንሽ ዲስክ) ማስገቢያ ውስጥ እዩ። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ኬብል ስነቅልና ስሰካ ውያለሁ። ለካ ማታ ደብዳቤ የገለበጥኩበት ፍሎፒ እዚያው ተረስቷል! አውጥታችሁ አንድ ቁልፍ ንኩ፣ በቃ። ፍሎፒ ከሌለ ግን የሲስተም ፋይሎቹ ተነክተዋል ማለት ነው። በዶስ ፍሎፒ አስነሱና «ሲስ ሲ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ፤ «ሲ» ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ከ«ሲ» ቀጥሎ ሁለት ነጥቧን (:) እንዳትረሱ። የራሳችሁን ፋይሎች አይነካም። ፍሎፒው ግን ዲስኩ ላይ ካለው ዶስ ጋር አንድ ቨርዥን ይሁን።

ቨርዥን ከተቀላቀለ «ባድ ኦር ሚሲንግ ኮማንድ ኢንተርፕሪተር» ይመጣል። ሰው ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ኮማንድ ዶት ኮምን ሲያጠፋም ያው ነው። ትክክለኛውን ከፍሎፒው ወደ ሲ ኮፒ አድርጉ።

«ሚሲንግ ኦፐሬቲንግ ሲስተም» ሲል ደግሞ ወዲያው ዶሱ ጠፋ አትበሉ። ሰዓቱን እዩት። ቀኑ 1980 ላይ ተመልሶ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ባዮሱ የዲስኩን ልክ ረስቶ የተሳሳተ ቦታ እያነበበ ነው። ባትሪውን ቀይሩ። ዲስኩን ራሱ የማያውቅ የድሮ ባዮስ ከሆነ የዲስኩን ልክ የሚናገሩትን የሲሊንደር፣ የሄድና የሴክተር ቁጥሮች ከዲስኩ ጀርባ ካለው ወረቀት አንብባችሁ ማስገባት አለባችሁ። ይሄን ሳያደርጉ ፎርማት ያደረጉ ሰዎች ደህና ዳታ በገዛ እጃቸው ቀብረዋል።

ዶስ 6 ላይ «ስታርቲንግ ኤምኤስ ዶስ» ብሎ ከደረቀ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ ኮንፊግ ዶት ሲስ በሚባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ያለ ድራይቨር (ዕቃ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ነው የያዘው። ጽሑፉ እንደወጣ ኤፍ 8ን ንኩ። መስመር በመስመር እየጠየቀ ይሄዳል፤ የደረቀበት መስመር ጥፋተኛው ነው።

አስቂኙ «ኖ ሮም ቤዚክ» ነው። የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ የሚነሳበት ዲስክ ሲያጣ በውስጡ የተቀመጠ ቤዚክ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ይከፍት ነበር። በኋላ የመጡት ተመሳሳዮቹ ቤዚኩ የላቸውም፤ የለኝም ብለው ይቆማሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አክቲቭ የተደረገ ፓርቲሽን አለመኖሩ ነው። ከፍሎፒ ኤፍዲስክን (የፓርቲሽን ማስተካከያውን) ከፍታችሁ አክቲቭ ማድረጊያውን 2 ቁጥርን ምረጡ። 3 ቁጥር ፓርቲሽን ማጥፊያ ነው፤ ከ2 ሥር ነው ያለው፣ እጃችሁ እንዳይስት።