በረኪናውን አስቀምጡት፦ የአሳ ገንዳ ችግርና መፍትሄ

አሳ ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ «ውሃው ቆሽሿል፣ ሁሉም ነገር ይታጠብ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የቀሩትን የሚጨርሳቸው ግን እጥበቱ ነው። ኮምቦልቻ ግቢያችሁ ውስጥ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የምታረቡ፣ ውሃው በፓምፕ ወጥቶ በጠጠር በርሜል ተጣርቶ የሚመለስላችሁ ከሆነ፣ በረኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ደሴ ላላችሁም መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አለኝ።

አዲስ ገንዳ፤ ውሃው ጥርት ብሏል፣ አሳው ግን አልበላም ብሎ ላይ ላይ ይላል

ምክንያት፦ ማጣሪያው አልበሰለም። አሳ በስንጥቡ አሞኒያ የሚባል፣ ራሱን የሚመርዝ ቆሻሻ ያወጣል። የተረፈ መኖም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ይህን የሚያጸዱት ጠጠሩ ላይ የሚለጠፉ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነ ኒትሮሶሞናስ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እነ ኒትሮስፒራ ናይትራይቱን ተቀብለው ወደ ናይትሬት ያደርሱታል። ናይትሬት ብዙም አይጎዳም። ችግሩ እነዚህ ፍጥረታት ቀስ ብለው ነው የሚራቡት። ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ እንኳ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋሉ። ውሃ መጥራቱ ደግሞ ምንም አይነግራችሁም፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

መፍትሄ፦ መኖ ለ2 ቀን አቁሙ፤ አሳ በዚህ አይሞትም። የውሃውን ሲሶ ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት በርሜል ውስጥ አየር እየተነፋበት ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። አሳ የሚያረባ ወዳጅ ካላችሁ ከማጣሪያው ጥቂት ጠጠር ለምኑት፤ ሳይደርቅ በራሱ ውሃ በባልዲ አምጥታችሁ በርሜላችሁ ውስጥ ጨምሩት። ከጎረቤት እርሾ እንደመበደር ነው። የእሱ አሳ ጤነኛ መሆኑን ግን አይታችሁ።

አንድ አሳ አውጥታችሁ የስንጥቡን ክዳን ገለጥ አድርጉ። ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። ቡናማ ከሆነ ናይትራይቱ ደም ውስጥ ገብቷል፤ ደሙም ኦክስጅን መሸከም አቅቶታል። ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ጨው አሟሙታችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የናይትራይቱን መግቢያ ይሻማዋል። በባህር ውሃ አሳ የሚያረቡ ሰዎች ናይትራይት እንደኛ የማያስጨንቃቸው ለዚህ ነው፤ ውሃቸው ራሱ ጨው ነው። በአንጻሩ የእነሱ ማጣሪያ ለመብሰል ከእኛ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ታጥቦ ጸድቶ፣ በሳምንቱ አሳው ማለቅ ጀመረ

ምክንያት፦ ጠጠሩ ላይ የነበረው ያ የሚያዳልጥ ቡናማ ነገር ቆሻሻ አልነበረም፤ ማጣሪያው እሱ ነበር። በረኪና ጠራርጎታል። በዚህ ላይ ባዶ የቀረውን ቦታ መጀመሪያ የሚይዙት ፈጥነው የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በሽታ አምጪዎቹም ብዙ ጊዜ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የባህር አሳ ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን አይተውታል። ውሃውን አምክነው፣ ማለትም ባክቴሪያውን ሁሉ ገድለው፣ ጫጩቶቹን ወዲያው ሲያስገቡ እነ ቪብሪዮ የሚባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ይፈሉባቸዋል። ኖርዌይ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ያገኙት መላ የመከነውን ውሃ በባዮፊልተር (ባክቴሪያ በተለጠፈበት ማጣሪያ) አሳልፎ ቀስ ብለው በሚያድጉ ባክቴሪያዎች እንዲሞላ ማድረግ ነው።

መፍትሄ፦ ከተደፈነ ግማሹን ጠጠር ብቻ፣ በገንዳው ውሃ ለቅለቅ አድርጉ። ሌላውን ግማሽ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ። አሁን ከረፈደ እንደ አዲስ ገንዳ ቁጠሩትና ከላይ ወዳለው ተመለሱ።

መብራት ሄዶ መጣ፣ አሳው ከዚያ በኋላ ባሰበት

ኮምቦልቻ ከባህር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በ25 ዲግሪ ውሃ ባህር ዳርቻ ላይ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 6.6 ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ባክቴሪያዎቹም ይተነፍሳሉ፤ አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ከ4 ግራም በላይ ኦክስጅን ይፈጃሉ። ፓምፑ ሲቆም በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ይበሰብሳል።

ስለዚህ መብራት ሲመጣ ፓምፑን ዝም ብላችሁ አትክፈቱ። በርሜሉን አሽትቱት። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ውሃውን ወደ አትክልት ድፉት እንጂ ወደ አሳው አትመልሱት። ለማታ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ግዙ። ገንዘብ ካነሰ ከመኖው ላይ ቀንሳችሁም ቢሆን።

ማጣሪያው አሮጌ ነው፣ አሞኒያው ግን ይጨምራል

ፒኤች፣ ማለትም የውሃውን አሲድነት፣ ለኩ። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ውሃውን ያኮመጥጡታል፤ ከ6.5 ሲወርድ ራሳቸው ይለግማሉ። ቤኪንግ ሶዳ ይመልሰዋል፣ ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት። በአንዴ ካፈሰሳችሁ ፒኤቹ ይዘልና አሳውን ትገድላላችሁ። ፒኤች ሲጨምር የአሞኒያው መርዛማ ክፍል ይበዛልና፤ በ25 ዲግሪ ፒኤች 7 ላይ ካለው አሞኒያ መርዛማው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ 8 ላይ 5 በመቶ ያህል፣ 9 ላይ ከሲሶ በላይ ይሆናል።

ደሴ፤ ብርዱ

ቆሮሶ ውሃው ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል። ባክቴሪያዎቹም ይቀዘቅዛሉ። ጠዋት በልማድ የበተናችሁት መኖ ሳይበላ ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል፤ የሚያጸዳው ደግሞ የለም። ቴርሞሜትር ገንዳው ላይ እሰሩ፣ መኖውን ፀሐይ ውሃውን ካሞቀች በኋላ ስጡ፣ ማታ ገንዳውን በላስቲክ ሸፍኑ። አዲስ ማጣሪያ የምትጀምሩ ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥን አሳልፉ።