ሔድለስ ሲኤምኤስ ስትመርጡ፦ ኔት ሲጠፋ ማን ይጽፋል?

ሲኤምኤስ የድረ ገጽ ይዘት የሚጻፍበትና የሚተዳደርበት ፕሮግራም ነው። ሔድለስ የሚባሉት ሲኤምኤሶች ጽሑፉን፣ ፎቶውንና ዋጋውን ብቻ ይይዛሉ። ገጹን የሚያሳየው ኮድ ለብቻው ይሠራል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት በር) ነው። ደብረ ማርቆስ ላለ ባለ ስምንት ገጽ የሆቴል ድረ ገጽ ይህ ትርፍ ድካም ነው፤ ይዘቱንም ገጹንም በአንድ የሚይዘው ተራ ወርድፕረስ ይበቃዋል። ሔድለስ የሚያዋጣው አንዱ መረጃ ብዙ ቦታ ሲወጣ ነው። ባሕር ዳር ያለ አስጎብኚ የጀልባ ዋጋውን በድረ ገጹ፣ በስልክ አፑና በቴሌግራም ቦቱ የሚያሳይ ከሆነ፣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ሦስት ቦታ መሮጥ የለበትም።

ከሔድለስ ሲኤምኤሶች ስትራፒ ይሻላል ሳኒቲ ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት የይዘት ዓይነቶቻችሁን በወረቀት ጻፉ። ለጣና ገዳማት ቢሆን፦ ስም በአማርኛ፣ ስም በእንግሊዝኛ፣ በጀልባ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ፣ የመግቢያ ዋጋ፣ ሴቶች ይገባሉ ወይስ አይገቡም። የመጨረሻው ራሱን የቻለ የአዎ ወይም የአይደለም ፊልድ (የመሙያ ሳጥን) ይሁን። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባል። ይህ በረጅም አንቀጽ መሀል ከተቀበረ አፑ ለይቶ ሊያወጣው አይችልም። ዝርዝሩ አጭር ከሆነ የትኛውም ሲኤምኤስ ይሸከመዋል፤ ምርጫውን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው።

እሱም ሲኤምኤሱ የሚኖርበት ቦታ ነው። ኮንቴንትፉልና ሳኒቲ ይዘታችሁን በራሳቸው ሰርቨር ይይዙላችኋል። ሰርቨር መጠበቅ ይቀርላችኋል፤ ነገር ግን ኔት ከሌለ ጸሐፊው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ ከነጻው እቅድ ስታልፉ ደግሞ ክፍያው በዶላር ነው። ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የዶላር ክፍያ በጀት ለመያዝ አስቸጋሪ ነው፤ በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የሌለው ድርጅት ጭራሽ ባይጀምረው ይሻላል።

ስትራፒ፣ ዳይሬክተስና ፔይሎድ በራሳችሁ ማሽን ላይ ይጫናሉ። ጎጃም ላለ ቢሮ የማይናቅ ጥቅም አላቸው፦ ሲኤምኤሱን ቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ብትጭኑት ጸሐፊዎቹ ኔት ባይኖርም በዋይፋዩ ገብተው ይጽፋሉ። ኔት ሲመለስ ገጾቹን ይዘትን ወደ ዝግጁ ገጽ በሚለውጡት በአስትሮ ወይም በሁጎ አዘጋጅታችሁ ወደ ሆስቲንጉ ትልካላችሁ። የወጡት ገጾች ዝግጁ ፋይሎች ስለሆኑ የቢሮው መብራት ቢጠፋም አንባቢው አይነካም። ኮምፒውተሩን ግን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አታሠሩት፤ መብራት በድንገት ሲሄድ የሚጎዳው ዳታቤዙ ነው።

ሦስተኛው አማራጭ ዲካፕ ነው፤ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ኔትሊፋይ ሲኤምኤስ ይባል የነበረው። ዳታቤዝ የለውም፤ ጽሑፉ ጊት ውስጥ (የፋይሎችን ለውጥ በሚመዘግበው ፕሮግራም) በፋይል ይቀመጣል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ካስኬዳችሁት ያለ ኔትም ይጻፍበታል። የጊት ማከማቻዎችን በኔት በሚይዘው በጊትሐብ ሲሠራ ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ አካውንት ያስፈልገዋል፤ ፎቶ በበዛ ቁጥርም ማከማቻው እየከበደ ይሄዳል። ለሁለት ጸሐፊ ጥሩ ነው፤ ለአሥር አይመከርም።

ከዚህ በኋላ ሁለት እጩ አስቀሩና በእውነተኛ አማርኛ ፈትኗቸው። የእንግሊዝኛ ማሳያ ገጽ ምንም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ የአማርኛ ርእስ ስጡትና የሚሠራውን ሊንክ ተመልከቱ። አንዳንዱ ሊንክ ሠሪ የግእዝ ፊደል ስለማያውቅ ባዶ ይተወዋል፤ ሁለተኛው ጽሑፍም ባዶ ሲሆን ይጋጫሉ። ፊደሉን የሚቀበለውም ቢሆን ሊንኩ ሲገለበጥ ይረዝማል፦ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነና እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ «ጎጃም» ብቻ 27 ምልክት ይሆናል። ሊንኩን ጸሐፊው በላቲን ፊደል ራሱ የሚሞላው አስገዳጅ ፊልድ አድርጉት።

ቀጥሎ ቀን። የቀን ፊልዶች የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። መስከረም 5 ቀን 2018 ብሎ በ2018 የሚሞላ ጸሐፊ ዜናውን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወረውረውና ከዝርዝሩ ግርጌ ያገኘዋል። በዳታቤዙ የፈረንጁ ይቀመጥ፤ ለአንባቢው የሚታየውን የጃቫስክሪፕቱ «ኢንትል» (ቀንና ቁጥርን በየአገሩ ልማድ የሚያሳየው ክፍል) ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይለውጠዋል፣ ጳጉሜንንም ያውቃል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይውጣ ብሎ 3 የሚሞላ ሰው ዜናው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይወጣበታል። ከፊልዱ ሥር «9 ብለው ይሙሉ» የሚል ምሳሌ ይጻፍ፤ ሁሉም ሲኤምኤስ ለፊልድ ማብራሪያ ቦታ አለው።

ፍለጋ ብዙዎች የሚረሱት ነው። አንዱ ጸሐፊ «ጎጃም» ይላል፣ ሌላው «ጐጃም»፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ቃል ናቸው። መፍትሔው አንባቢ የማያየው የፍለጋ ፊልድ ነው፦ ጽሑፉ ሲቀመጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው፣ ጐ ደግሞ ወደ ጎ ተለውጠው እዚያ ይገለበጣሉ። አንባቢው የሚጽፈውም በዚያው ወንፊት ያልፋል። ስትራፒ፣ ዳይሬክተስና ፔይሎድ ጽሑፍ ሲቀመጥ የራሳችሁን ኮድ እንድታስኬዱ ይፈቅዳሉ፤ በሌሎቹ ገጹ ሲዘጋጅ ይሠራል። በነገራችን ላይ፣ አጭር መግቢያ ቆርጦ የሚያወጣው ኮድ የእንግሊዝኛ ነጥብ የሚፈልግ ከሆነ አራት ነጥብን አያውቅም፤ በሁለት ነጥብ ድርብ «፡፡» የሚጽፉም ስላሉ ሁለቱንም አስተምሩት።

ስትራፒን ከመረጣችሁ ጀማሪን የሚያዳክሙት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ኤፒአዩ 403 (አልተፈቀደም) ከመለሰ አልተበላሸም፤ በሮልስ ሥር ለፐብሊክ፣ ማለትም ሳይገባ ለሚያነብ ሰው፣ የማንበብ ፈቃድ አልሰጣችሁም። ፎቶው ከጽሑፉ ጋር ካልመጣ ፖፑሌት (ተያያዥ መረጃም አብሮ ይምጣ የሚለውን ትእዛዝ) አልጠየቃችሁም። አዲስ ፊልድ በፕሮዳክሽን (ለሕዝብ በሚሠራው) አይጨመርም፤ በዴቨሎፕመንት (በመሥሪያው) ጨምራችሁ እንደገና ታወጡታላችሁ። ሜሞሪ ከ2 ጊጋባይት ካነሰ የአስተዳዳሪው ገጽ ሲገነባ መሀል ላይ ሊቆም ይችላል። በየጊዜው እንደ አዲስ በሚነሣ ክላውድ ላይ ደግሞ ፎቶዎቹን በውጭ ማከማቻ አድርጉ፤ ካልሆነ በቀጣዩ ማሻሻያ ይጠፋሉ።

ፎቶና ዋጋ የበዛበት፣ ሦስት አራት ጸሐፊ ያለው የባሕር ዳር ቢሮ ዳይሬክተስን በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ቢይዝ ይመረጣል። ሠንጠረዦቹ ተራ የኤስኪውኤል ሠንጠረዦች ስለሆኑ ሲኤምኤሱን ብትተዉት እንኳ ውሂቡ በእጃችሁ ይቀራል። የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሃያ ጽሑፍ አስገቡ፣ ሁሉንም ወደ ፋይል አውጡ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱት። ፎቶዎቹ ከጽሑፎቻቸው ጋር ካልተመለሱ ሁለተኛውን እጩ ውሰዱ።