ቫኪዩም ከመግዛታችሁ በፊት የአምራቾቹን ጸብ አንብቡ

ሱቅ ገብታችሁ አምስት ቫኪዩም ክሊነር ተደርድሮ ብታዩ፣ አምስቱም ካርቶን ላይ «ከሁሉም የበለጠ ይስባል» የሚል ነገር አይጠፋም። አምስቱም አንደኛ ሊሆኑ አይችሉም መቼስ። የሚገርመው ግን አንዳቸውም አልዋሹ ይሆናል። እያንዳንዱ የሚያሸንፍበትን መለኪያ መርጦ ነው የጻፈው።

እኔ የመጀመሪያ ቫኪዩሜን የመረጥኩት በዋት ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ በቃ ገዛሁ። ጮኸ፣ ጋለ፣ ክፍሉን የተቃጠለ አቧራ ሸተተው፣ ምንጣፉ ላይ ያለው ፀጉር ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የማን ሥሪት እንደሆነ አልናገርም፤ ግማሹ ጥፋት የኔው ነው። ከዚያ ወዲህ ዘዴ ቀየርኩ። የእነዚህን ኩባንያዎች ማስታወቂያ ትቼ ክሳቸውን አነባለሁ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ሳሩ ተጠቃሚ ነው። አንዱ የሌላውን ቁጥር ለማፍረስ ጠበቃና ላቦራቶሪ ይቀጥራል፣ እኛ ውጤቱን በነጻ እናነባለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ዋትን እርሱት

ዋት ማሽኑ ስንት መብራት እንደሚበላ ነው የሚነግራችሁ። ስንት አቧራ እንደሚያነሳ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ግን አምራቾቹ የተፎካከሩት በዚሁ ቁጥር ነበር፤ አንዱ 1,800 ሲል ሌላው 2,000 ይላል፣ ገዢውም ትልቁን ያነሳል። የአውሮፓ ኅብረት ነው ጨዋታውን ያቆመው። ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት በላይ የሆነ አዲስ ቫኪዩም ገበያ ላይ እንዳይወጣ ከለከለ፣ በሴፕቴምበር 2017 ደግሞ ጣሪያውን ወደ 900 አወረደው። ያኔ ብዙ ሰው «ከእንግዲህ ቫኪዩም የሚባል ነገር የለም» ብሎ አማረረ። ፋብሪካዎቹ ግን ሞተሩን፣ አፉንና የአየር መንገዱን አሻሽለው መሸጣቸውን ቀጠሉ። ያ ሁሉ ዋት ብዙው ሙቀትና ጩኸት ነበር ማለት ነው።

ደንቡ ውስጥ ማንም የማያወራላቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ። ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት መሥራት አለበት፣ ቱቦው ደግሞ 40,000 ጊዜ ታጥፎ ከዚያም በኋላ አገልግሎት መስጠት አለበት። የትም ብትኖሩ ሻጩን «ሞተሩ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ሻጭ አያውቀውም። መመሪያው ላይ የጻፈ አምራች ካገኛችሁ ግን አንድ ነጥብ ስጡት።

ባዶ ሆኖ ነው ወይስ ሞልቶ የተለካው?

ይቺ ጥያቄ ብቻዋን የፍርድ ቤት መዝገብ ሞልታለች። አውሮፓ ውስጥ በ2014 ቫኪዩሞች ላይ የኃይል ደረጃ መለጠፍ ግዴታ ሆነ፣ ያቺ በፊደል የምትሰጠዋ ባለቀለም ወረቀት። ችግሩ ፈተናው የሚካሄደው ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ነበር። ቤታችሁ ያለው ቫኪዩም ደግሞ ባዶ የሚሆነው ምናልባት የመጀመሪያው ቀን ነው። ከረጢት የሌለው ማሽን የሚሠራው ኩባንያ፣ ዳይሰን፣ ደንቡን ያወጣውን የአውሮፓ ኮሚሽን ከሰሰ፤ ከረጢቱ ሲሞላ አየሩ ይታፈናል፣ ታዲያ ባዶውን ለክታችሁ ምን ልትነግሩን ነው አለ። በኖቬምበር 2018 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ለዳይሰን ፈረደ። በጃንዋሪ 2019 ወረቀቷ ከገበያ ወጣች።

ታሪኩ ግን ሌላ ጎን አለው። ዳይሰን በ2015 ቦሽንና ሲመንስን ሲከስ፣ ማሽኖቻችሁ በፈተናው ጊዜ ትንሽ መብራት በልተው ቤት ሲገቡ ብዙ ይበላሉ ብሏል። እነሱ ደግሞ ፍጹም አይደለም አሉ። እዚያው ሰሞን ስለዚሁ ወረቀት ሌላ ክርክር ነበር፤ በጁላይ 2018 የአውሮፓ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ወረቀቷን በደንቡ መሠረት የለጠፈ አምራች «ባዶ ሆኖ የተለካ ነው» ብሎ አለመጻፉ ብቻ ገዢውን አሳስቷል አያሰኘውም አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ መለኪያው ስህተት ነው ተባለ፣ በመለኪያው የተጠቀመው ደግሞ ጥፋተኛ አይደለም ተባለ። ደስ ይላል አይደል?

ለናንተ የሚጠቅመው ይሄ ነው። የምታነቡት ግምገማ ማሽኑ ግማሽ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ካልነገራችሁ ሌላ ፈልጉ። ከረጢት የሌለው ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ እሱም ፊልተሩ ሲደፈን ጉልበቱ ይወርዳል። ፊልተሩ በውሃ ይታጠባል ወይስ ይቀየራል? በስንት ጊዜው? ከታጠበ በኋላ ለመድረቅ ስንት ሰዓት ይፈልጋል? ብዙዎቹ አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋሉ፣ እርጥቡን መልሶ መክተት ደግሞ ሞተሩን መግደል ነው።

ስለ ፓስካል፣ ስለ ቮልትና ስለ ደቂቃ

ዋት ሲያረጅ ሌሎች ቁጥሮች ቦታውን ያዙ። አሁን በተለይ በራሳቸው የሚጠርጉት ሮቦት ቫኪዩሞች የሚፎካከሩት በፓስካል፣ ማለትም በመሳብ ግፊት መለኪያ ነው። ፓስካል የሚለካው አየር መግቢያው ተዘግቶ ነው። ስትሮው አፉን በጣት ደፍናችሁ ስትስቡ ጉንጫችሁ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ግን አንዲት ጠብታ አትጠጡም። ቆሻሻን የሚያነሳው የሚፈሰው አየር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስበው ኤር ዋት የሚባለው ይሻላል፤ የመሳቡን ኃይልና የአየሩን ፍሰት አባዝቶ የሚወጣ ነው። እሱም ቢሆን በየትኛው ፍጥነት እንደተለካ ካልተጻፈ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ገመድ አልባ ላይ ቮልት ተጠንቀቁ። ስድስት የሊቲየም ሴሎች የተደረደሩበት ባትሪ መደበኛ ቮልቴጁ 21.6 ነው። ያው ባትሪ ጥግ ድረስ ሲሞላ 25.2 ያሳያል። አንዱ አምራች የመጀመሪያውን ይጽፋል፣ ተቀናቃኙ ሁለተኛውን። ባትሪው ግን አንድ ዓይነት ነው! «60 ደቂቃ ይሠራል» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ሞተር ያለው ብሩሽ ሳይገጠም ነው። ጠይቁት፦ በትልቁ ጉልበት፣ ምንጣፍ ላይ ስንት ደቂቃ? መልሱ በጣት የሚቆጠር ደቂቃ ቢሆን አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። የሚያስደነግጠው ባትሪው የማይፈታ መሆኑ ነው። ባትሪ ያረጃል። ተነቅሎ የሚቀየር ካልሆነ ማሽኑ በሙሉ አብሮት ይሞታል።

ኮከቧን ተከተሉ

«2 እጥፍ ይስባል*»። እዚህች ኮከብ ላይ ነው ገንዘባችሁ ያለው። ካርቶኑን ገልብጡት፣ ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡ፣ ካስፈለገም በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። ከምን ጋር ነው የተወዳደረው? ከራሱ የድሮ ሞዴል ጋር? በየትኛው ዓመት? ወለል ላይ ወይስ ምንጣፍ ላይ?

ይሄ የኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በ2014 ሻርክ የሚባለው ቫኪዩም ባለቤት አሜሪካ ውስጥ ዳይሰንን የከሰሰው «ከማንኛውም ቫኪዩም 2 እጥፍ ይስባል» በሚለው ማስታወቂያ ነው፤ የኔን ማሽን ስትጨምሩ ሐሰት ነው አለ። በ2015 ደግሞ ኤልጂ አውስትራሊያ ውስጥ ዳይሰንን ስለ ገመድ አልባ ማሽኖቹ ማስታወቂያ ፍርድ ቤት ወሰደው፣ ዳይሰንም አባባሉን ለማንሳት ተስማማ። ዳይሰን ብቻውን ሸፍጠኛ ነው ለማለት አይደለም፤ እሱም ሌሎቹን ሲከስ ኖሯል። «ከሁሉም የበለጠ» የሚል ቃል ግን ተፎካካሪው አዲስ ሞዴል ባወጣ ማግስት ይበላሻል፣ ካርቶኑ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ዓመት ይቀመጣል።

ስለዚህ አንድ ቀላል ልማድ ያዙ። ልትገዙት ያሰባችሁትን ብራንድ ስም ከተፎካካሪው ስም ጋር አድርጋችሁ «ክስ» የሚል ቃል ጨምራችሁ ፈልጉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የተካሰሱበት ቁጥር የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ያንን ቁጥር ሲጠሩላችሁ ፈገግ ትላላችሁ።

ስሙ የማን ነው?

ሁቨርን ሁሉም ያውቀዋል፤ እንግሊዞች እንዲያውም ቫኪዩም ማድረግን «ሁቨር ማድረግ» ነው የሚሉት። ማሽኑን የሠራው ግን ሁቨር አይደለም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ጄምስ ስፓንግለር የሚባል አስም ያለበት የጽዳት ሠራተኛ ነው፣ የማራገቢያ ሞተር፣ የትራስ ልብስና የመጥረጊያ እጀታ አገጣጥሞ። በ1908 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣ፣ መብቱንም የቆዳ ዕቃ ነጋዴው ዊልያም ሁቨር ገዛው። (ከዚያ በፊት በ1901 እንግሊዛዊው ሁበርት ቡዝ ሠርቶ ነበር፣ የእሱ ግን በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነበር፤ ደጅ ላይ ይቆምና ቱቦው በመስኮት ይገባል።)

ዛሬ ያ ስም ሁለት ባለቤት አለው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሁቨር የሆንግ ኮንጉ ቲቲአይ ነው፣ ከ2007 ጀምሮ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የጣሊያኑ ካንዲ ነበር፣ ካንዲን ደግሞ የቻይናው ሃየር በ2019 ጠቀለለው። አንድ ስም፣ ሁለት ፋብሪካ። አሜሪካ ላይ የተጻፈ ግምገማ አንብባችሁ አውሮፓ የተሸጠውን ብትገዙ ሌላ ማሽን ነው የምታገኙት። በተገላቢጦሹ ደግሞ መደርደሪያው ላይ የሚፎካከሩ የሚመስሉ ወንድማማቾች አሉ፤ ቫክስ፣ ደርት ዴቪልና ኦሬክ ከዚያው ከቲቲአይ ቤት ናቸው። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ ፈልጉ፣ ከረጢቱና ብሩሹ የትኛው ላይ እንደሚገጥምም በሞዴል ቁጥሩ አጣሩ።

ስልክ ላይ በመተግበሪያ የሚታዘዝ ሮቦት ከሆነማ የባለቤቱ ጉዳይ ይብስበታል። ሩምባ የሚባለውን ሮቦት ቫኪዩም በ2002 ያወጣው አይሮቦት ለዓመታት የገበያው ንጉሥ ነበር። የቻይና ተፎካካሪዎች መጡበት። አማዞን በ2022 በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማማ፣ የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ስለተቃወሙ በጃንዋሪ 2024 ነገሩ ፈረሰ። በ2025 መጨረሻ ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ ሊረከበው የመጣው ደግሞ ሮቦቶቹን ሲሠራለት የነበረው የቻይና ፋብሪካ ነው። ሮቦት ልትገዙ ከሆነ ይቺን ፈትሹ፦ ኢንተርኔቱ ቢጠፋ ወይም መተግበሪያው ቢዘጋ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ታስጠርጉታላችሁ? ካልሆነ ተዉት።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሒሳብ

ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን ማሽን ለመሥራት 5,127 ናሙና ሠርቷል። ይዞት ሲዞር ሁቨርን ጨምሮ ትልልቆቹ አልፈልግም አሉት። ከረጢት መሸጥ ራሱን የቻለ ጥሩ ገቢ ነበር፣ ማን ይተወዋል? በ1993 በራሱ ስም መሸጥ ጀመረ፣ ሁቨርም ኋላ ላይ ተመሳሳይ ነገር አወጣ፣ በ2000 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሁቨር ፓተንቱን ጥሷል ብሎ ፈረደ። ይሄን የማነሳው ከረጢት የሌለው ይሻላል ለማለት አይደለም። አለርጂ ላለበት ሰው ከረጢት ይሻላል ባይ ነኝ፤ አቧራው ታሽጎ ይጣላል፣ ፊታችሁ ላይ አይቦንም። ግን የምትከፍሉትን የማሽኑን ዋጋ ብቻ አድርጋችሁ አትቁጠሩ። የአምስት ዓመት ከረጢት፣ ፊልተር፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ብሩሽ ደምሩበት። ርካሹ ውድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በስጦታም አትሸወዱ። በ1992 የእንግሊዙ ሁቨር 100 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ ለገዛ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት እሰጣለሁ አለ። ሰው ቫኪዩም ሳያስፈልገው ለትኬቱ ብሎ ገዛ፣ ኩባንያው ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰረ፣ ትኬቱን ያላገኙትም ፍርድ ቤት ሄዱ። ድንገት ትልቅ ቅናሽ ካያችሁም አዲስ ሞዴል እየመጣ ይሆናል። ያ ጥሩ ዜና ነው፤ መለዋወጫው እስከተሸጠ ድረስ ያለፈውን ዓመት ሞዴል ያለ ሐፍረት ግዙ።

ቤት ሲገባ

ካርቶኑን አትጣሉት። የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ፈትኑት። አንድ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ምንጣፍ ላይ በትናችሁ በእግር ረግጣችሁ አስገቡት፣ ከዚያ ስንት ጊዜ ሲመላለስ እንደሚያነሳው ቁጠሩ። ዱቄት አትጠቀሙ፣ ፊልተሩን ይደፍነዋል። ጥግ ላይና ግድግዳ ሥር ፀጉር አድርጉ። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልማችሁ አየር የሚወጣበት ላይ የእጅ ባትሪ አብሩ፤ ብናኝ ሲጨፍር ካያችሁ ማሽኑ ያፈሳል። ካርቶኑ ላይ «ሄፓ» (ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ፊልተር) ቢልም እንኳ። ኤች13 የሚባለው የሄፓ ደረጃ ከደቃቁ ብናኝ 99.95 በመቶውን ማስቀረት አለበት፣ «ሄፓ ዓይነት» የሚል ጽሑፍ ግን ምንም ቃል አይገባም፤ ፊልተሩ ጥሩ ሆኖ ክዳኑ ካልገጠመም አየሩ በጎን ያመልጣል።

ግማሽ እስኪሞላ ተጠቀሙበትና አሸዋውን ድገሙት። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ያነሳውን አሁን ስምንት ጊዜ ከፈለገ፣ ካርቶኑ እዚያው ጥግ ላይ አለ፣ ደረሰኙም ውስጡ።